ጭራውን የነከሰ

ዝናብ በረሳው አገር፣ በናማኳላንድ ምድር፣
ከአባቴ ቤት ኋላ አንድ ቀይ አለት ነበር።
ግርማ አለው አይባልም፣ ፍየል ይወጣዋል፣
ስንጥቁ ግን ጠባብ፣ ቤተሰብ ይዟል።
ማለዳ ፀሐይዋ ድንጋዩን ስታሞቅ፣
እሾሃሙ ሕዝብ ይወጣል ከስንጥቅ።
አባቴ ሲጠራቸው «የድንጋይ ሽማግሌ»፣
ባርኔጣውን አንስቶ ሰላም ይላል ሁሌ።

እኔ ሱሳራ ነኝ፤ ያኔ አሥራ አንድ ዓመቴ፣
ልብስ ሳሰጣ ነበር ጥላው ያለፈው ከፊቴ።
ጭልፊቱ ወረደ እንደተወረወረ ድንጋይ፣
ከእንሽላሊቶቹ አንዱን ለይቶ ካየር ላይ።
ሌሎቹ ተሸጎጡ፤ እሱ ዘገየ ጥቂት፣
የስንጥቁ በር ራቀው፣ ቀረበው የጥፍር ስለት።
አልሮጠም። በምን እግሩ? እንደ ጣት አጭር ነው፤
ዞረና የገዛ ጭራውን ነከሰው።
ቀለበት ሆነ ወዲያው፤ በውስጥ ስስ ሆዱ፣
በውጭ እሾህ ብቻ፤ የለም መግቢያ መንገዱ።
ጭልፊቱ አገላበጠው እንደ ክፉ ሸማች፣
በዚህ ቢል፣ በዚያ ቢል፣ ከላይ ቢል፣ ከታች፤
ምንቃሩን በአለቱ ጠረገና በረረ፣
ያ ቀለበት ግን እስከ ማታ እንደተቆለፈ ቀረ።

የግድግዳችን ጌኮ ሌላ ነው ጠባዩ፤
ድመታችን ስትይዘው ጭራውን ይጥልላታል፣
ጭራው መሬት ላይ ሲጨፍር ባለቤቱ ጣራ ገብቷል።
አባቴ ይስቅ ነበር፦ «ያ ቀብድ ከፍሎ ይሸሻል፣
ይኸኛው ግን ከራሱ ምንም ሳይለቅ ይሞታል።»

አባቴ ሞተ።
አፖሎስ ወንድሜ፣ የመዳብ ጉድጓዱ ሲዘጋ፣
በረንዳ ላይ ተቀመጠ፣ ክረምት ሳይል በጋ።
አንድ ሰው ከኬፕታውን መጣ፣ ጫማው አቧራ ያልነካው፣
ስለ ዋጋ ሲናገር ድምፁን ዝቅ የሚያደርግ ሰው።
ማታ አፖሎስ ድጅኖውን ከአልጋው ሥር ሳበ፣
ፋኖሱን በኮቱ ጋርዶ ወደ አለቱ ቀረበ።
እኔም ኋላው ነበርኩ።

ድንጋዩን የሙጥኝ አሉ፣ ሆዳቸውን በአየር ነፍተው፤
ድጅኖው ግን ድንጋይ አያውቅም፤ አወጣቸው ፈልቅቆ፣ ገፍቶ።
ያን ጊዜ እንደ ወጋቸው
እያንዳንዱ ዞሮ ጭራውን ነከሰ።
አሥራ ሦስት ቀለበት፣ በፋኖሱ ብርሃን።
አሥራ ሦስት ቀለበት፣ እንዴት ይመቻል ለእጅ!
ጭልፊት የረታው ብልሃት ለሰው እጀታ ሆነ፤
እንዳይዋጥ የተሠራ፣ ለመታፈስ ተመቸ።
አንድ ባንድ ከተታቸው
በአባቴ የሰንበት ካልሲዎች ውስጥ፣
አፋቸውን በክር እያሰረ።

አንዱ ከእጁ አምልጦ ተንከባሎ እግሬ ሥር ቆመ፤
ወንድሜ ቀና አለና አየኝ፤ ፊቱ ጠየመ።
በቀሚሴ ኪስ ከተትኩት፤ ሌሊቱን ጭኔን ሲወጋ፣
ጭራውን ሳይለቅ አደረ፤ እኔም ሳልተኛ ነጋ።
ጎህ ሲቀድ ወሰድኩት፣ ከተፈለቀቀው አፍ አኖርኩት።
ፀሐይ ቆይታ ነካችው።
መንጋጋው ቀስ ብሎ ተከፈተ፤
ጭራው ላይ የራሱ ጥርስ ምልክት አለ።
ዙሪያውን አየ። ማንም የለም።
ገባ።

ፖሊሱ በሦስተኛው ቀን መጣ፣ ደብተሩን ገለጠ፤
«ያየሽው አለ ወይ?» አለኝ፤ ዓይኔ ወደ አፖሎስ ሮጠ።
አፖሎስ ጫማውን ያያል።
እኔም ዞርኩ ወደ ራሴ፤ ነከስኩ፤
ከውጭ እሾህ፣ ከውስጥ ስስ ሆድ።
«አላየሁም» አልኩት።

ዛሬ ያ ቤት አዲስ ቆርቆሮ አለው።
በዓመት አንዴ ዝናቡ ትዝ ብሎት ሲመጣ፣
ጣራው ሲንጫጫ፣ አፖሎስ ተነሥቶ ደጅ ይወጣል፣
እስኪያባራ ውኃው ውስጥ ይቆማል።
እንዲገባ ጠርቼው አላውቅም።

በአለቱ ሥር ሳልፍ ባርኔጣ የለኝም፤
ሻሼን ነካ አደርጋለሁ።