ላልቶ የተሰማ

የአዳማ ነፋስ ማረፍ አያውቅም፣
የጎረቤት ቆርቆሮ ሲያንኳኳ ያድራል፤
ልጄ ግን በቀኝ ጎኗ ከተኛች
ዓለም በሙሉ ጸጥ ይላል።

ይህን አላወቅሁም ነበር።
እስከ ስድስት ዓመቷ "ግትር" ነበር ስሟ፤
"ሶሬቲ!" ብዬ ከደጅ ስጠራት
ወደ ጓዳ ዞራ ስትፈልገኝ
"አትቀልጂብኝ" እላት ነበር።
ባጃጅ ከግራ ጡሩንባ ሲነፋ
እሷ ወደ ቀኝ ነው የምትደነግጠው፤
አንድ ቀን ፍራንኮ አስፋልቱ ላይ
ጎማ የጫማዋን ጫፍ ነክቶ ሲያልፍ
ነጂው "ደንቆሮ!" አላት።
እኔም ሰደብኩት፣ እናቱን ሳይቀር።
ማታ ግን ቃሉ እኔው ጋ አደረ።

ያጋለጠው ስልኩ ነው።
አባቷ ከጅቡቲ መንገድ ሲደውል
በግራ ጆሮዋ ያዝኩላት፤
"የለም" አለች፣ "ዝም ብሏል።"
ወደ ቀኝ አዞርኩት፤
ፊቷ እንደ መስኮት ተከፈተ።
ወደ ግራ መለስኩት። ተዘጋ።
ወደ ቀኝ። ተከፈተ።
ጉርሜሳ ከጋላፊ "ሃሎ፣ ሃሎ" ይላል፣
እኔ ልጄን እከፍታለሁ፣ እዘጋለሁ።

ሐኪሙ ወረቀት ላይ መስመር አሰመረ፤
የቀኙ ሜዳ፣ የግራው ገደል።
"ጆሮ ደግፍ ይዟት ያውቃል?" አለኝ።
አዎ፣ በሦስት ዓመቷ፣
ጉንጯ አብጦ፣ በሻሽ አስሬላት።
ስሙ ጆሮ ደግፍ!
እንዲህ ነው እንዴ ድጋፍ?
"አንዱ ደህና ነው" አለ፣ "ትናገራለች።"

እውነቱን ነው፣ ትናገራለች።
ስልሳ ሁለት ልጅ በታጨቀበት ክፍል
ግራዋን ለመምህሯ፣
ቀኟን ለመስኮቱ ሰጥታ ተቀምጣ
ከፊደሉ ይልቅ የታክሲ ረዳቱን ተማረች፤
"ፖስታ ቤት! ፖስታ ቤት! አንድ ሰው! የሞላ!"
ስትል አንድ ፊደል አይጎድላትም።
ጣቷን ግን "ታቴ" ትላለች፣
ቀበቶዋን "ከበቶዬ"።

መምህርት ይርገዱ "ቤተሰብሽን ንገሪን" ብትላት
ብድግ ብላ "አባቴ አለ" አለች።
ላልቶ ወጣባት።
አባቴ አለ… ምን አለ?
ቃሉ አልጠበቀም፣
ክፍሉ ግን ጠበቀ፣
የሚቀጥል መስሎት።
ኋላ ሳቀ።

ለካ ጽሕፈታችን ይህን አይጽፈውም።
አለ እና አለ በወረቀት መንትያ ናቸው፤
አንደኛው ተናግሮ ሄዷል፣
ሌላው በሕይወት አለ፣
ከባድ መኪናውን እየነዳ።
የሚለያቸው ጆሮ ነው፣
እሱም ጥግ ካልተሰጠው።

ማታ መብራት ጠፍቶ ሳለ
መዳፏን ጉንጬ ላይ አደረግሁና
"አል…" አልኳት፣ ምላሴን ላንቃዬ ላይ አቆይቼ፣
እስኪደክመኝ አቆይቼ፣ "…ለ።"
"አየሽ? እዚህ ጋ ይጠብቃል።"
"ማንን?" አለችኝ።

መልስ አልነበረኝም፤ ሳቅሁ፣
ሳቄን በመዳፏ ሰማችው።

መምህርቷ ከፊት አምጥታታለች፣
ግራዋ ለግድግዳው ሆኗል።
እኔ ግን መንገድ ላይ ግራ ገብቶኛል፤
በቀኟ ብሄድ ወሬዬን ትሰማለች፣
በግራዋ ብሄድ ባጃጁን እጋርድላታለሁ።
ዛሬም ገበያ ስንወርድ
ሦስት ጊዜ ቦታ ቀየርኩ፤
"እማዬ፣ ምን ሆነሽ ነው የምትዞሪኝ?" አለች።

ትናንት ጉርሜሳ ደወለ።
ስልኩን ራሷ ወደ ቀኟ ወሰደችው፤
"አባዬ፣ አለህ?"
"ል"ዋን ይዛ፣ ይዛ፣ ይዛ፣
ኔትወርኩ እስኪቆረጥ።

ከዚያ በቀኝ ጎኗ ተኛች፣
ነፋሱን ለእኔ ትታልኝ።