የድንጋይ ደብር

ስሙ ቸርች ሮክ ነው፤ በኛ አፍ ሲመለስ የድንጋይ ደብር፤
ደወል የለው፣ ቄስ የለው፤ ቀይ ዓለት ብቻ ነው፣ ደረቅ ወንዝ ከሥር።

ሠንጠረዥ ይዣለሁ፣ መሥሪያ ቤት የሰጠኝ፣
ክፉን ከክፉ ለይ ብሎ ያዘዘኝ፦
ከታች አንድ ፍሬ ሙዝ፣ ከሱ በላይ የደረት ራጅ፣
ከሱ በላይ በረራ፣ ከደመና ደጅ፣
ከዚያ ፔንሲልቬንያ፣ አገር የደነገጠበት፣
ከዚያ ፉኩሺማ፣ ባሕሩ የቀመሰበት፣
ከጫፉ ቼርኖቤል፣ ጫካው የዛገበት፣
ሰው ነቅሎ ሲወጣ ተኩላ የሰፈረበት።

«የኛስ የቱ ጋ ነው?» አለች ዴዝባ ናካይ፣
መነጽሯ ግንባሯ፣ ጣቷ ወረቀቱ ላይ።
ከላይ ወረደች፣ ከታች ወጣች፣
አጣችው። ወረቀቱን ገልብጣ ጀርባውን አየች።

«ሪአክተር አይደለማ፤ የዩራኒየም አተላ ነው፤
ግድብ ጥሶ የሄደ። መዝገቡ ሌላ ነው።»

«አተላ» አለች። ቃሉን እንደ መራራ ፍሬ አላመጠችው።
«በዚያው ዓመት፣ ሐምሌ ላይ፣ ገና ጎህ ሲቀድ፣
ዝናብ ሳይጥል ወንዙ ሞልቶ ሲሄድ፣
ጫማዬን አወለቅሁ፣ ልሻገር ገባሁ፤
ማታ እግሬ ተላጠ፤ ቅቤ ቀባሁ።
በጎቹን ስናርድ ስባቸው ቢጫ ነው።
ቴሌቪዥን ስንከፍት ወሬው ፔንሲልቬንያ ነው።»

ውኃዋ በበርሜል ከጋለፕ ይመጣል፤
ጉድጓዷ ግን ክዳኑ እስካሁን በድንጋይ ተጭኗል።

መለኪያውን ከፈትሁ፤ ከደጇ አፈር አጠጋሁ፦
ጠብ። ጠብ። ጠብ።
እንደሚያፈስ ጣራ፣ ሳይቸኩል።
ቁጥሩን ልጽፍ ግራ እጄን ሳዞር
ተንጣጣ፣ እንደ ፈንዲሻ!
ጎንበስ አልን፣ ምንጩን ፈለግን፤
ከአፈሩ አልነበር፣
ከክንዴ ነበር።
የአባቴ ሰዓት፤ ሌሊት የሚያበራው የቁጥሮቹ ቀለም
ለካስ ራዲየም ነው። ይኸው ሃያ ዓመት ትራሴ ሥር ሳስተኛው፣
አንድ ቀን አልለካሁትም።

ዴዝባ ሆዷን ይዛ ሳቀች፦
«ወንዜን ሰዓትህ ረታው! በል ጻፈው!»
ስቃ ስቃ እንባዋን ጠረገች።
ከዚያ፣ ድምፅዋ ዝቅ ብሎ፣
«አንተስ ሰዓትህን ትፈታለህ፤
የኔን ወንዝ ማን ይፈታዋል?»

ፈታሁት። መኪናው ውስጥ፣ ከካርታው ሥር ቀበርሁት።
ተመልሼ ለካሁ።
ጠብ። ጠብ። ጠብ።
ከቅጹ ግርጌ «አስተያየት» የሚል አንድ መስመር ነበረ፤
«ሰዓቴን አውልቄያለሁ» ብዬ ጻፍሁበት፣
ሌላ ቃል አልመጣልኝም።

ወደ ጋለፕ ስነዳ ጨለመ።
ስንት ሰዓት እንደሆነ አላየሁም።