አሥራ ሁለት ኪሎ

ቀፊራ፣ ቅስቱ ሥር፣ አው ቡሽራ ሚዛን ነበረው፣
ስድስት ብረት ያለው፤
የምድር ባቡር ቶርኖ ከሐዲድ ስባሪ ያወጣው፦
ባለ አንድ፣ ባለ ሁለት፣ ባለ ሦስት፣ ባለ አምስት፣
ባለ ስምንት፣ ባለ አሥራ ሦስት።
ከሦስቱ ጀምሮ እያንዳንዱ
የሁለት ታናናሾቹ ድምር ነው ክብደቱ።
መንታ የሚባል የለም፤ አንዱ አንዴ ከወጣ
እሱን የሚመስል ከሣጥን አይመጣ።

ቀትር ላይ፣ ሙቀቱ ገበያውን ሲበትን፣
ሽንኩርቱ በጆንያው ውስጥ ሲያልበው፣
እኔንና ኢፍቱን ይጠራል፦
"አሥራ ስድስት ኪሎ በስንት መንገድ ይወጣል?
ያወቀ ቴምር ይበላል፣
ያላወቀ ጆንያ ይሰፋል።"

አሥራ ሦስትና ሦስት፤ አንድ መንገድ።
ሦስቱን በሁለትና በአንድ መንዝሮ፤ ሌላ መንገድ።
ትልቁ ይውረድ፤ ስምንት፣ አምስት፣ ሦስት፤ ይኸው ሦስተኛ።
ኢፍቱ ጆሮዋን እያከከች፦ ስምንት፣ አምስት፣ ሁለት፣ አንድ። አራተኛ።
አምስተኛ የለም። ቴምሩ እስኪያልቅ ፈለግን፤ የለም።
የሚገርመው ደግሞ፣ የወጡትን ጥሎ
ሣጥን የቀሩትን ቢመዝኑ፣ ያው አሥራ ስድስት ኪሎ።

"አሥራ ሁለትስ?"
ስምንት፣ ሦስት፣ አንድ።
ሌላ? ገለበጥን፣ አገላበጥን። ብቸኛ መንገድ።
ስምንቱን ብንተው ታናናሾቹ ሁሉ ተረባርበው አሥራ አንድ።
"ይህ ቁጥር" አለ አው ቡሽራ፣ "በሩ አንድ የሆነ ቤት ነው፤
እሳት ቢነሳበት፣ አላህ ይሁነው።"

ዝናቡ እኛ ጋ አልዘነበም፤ ደጋ ነው የዘነበ።
ደቻቱ ግን በሌሊት መጣ። ደረቁ አሸዋ ቆሞ ሄደ፣
ጆንያ፣ ሣንቃ፣ ሣጥን አግበስብሶ ነጎደ።
ከጭቃው አምስት ብረት ለቀምን።
ሦስቱን ኢፍቱ እስኪመሽ
በእግሯ ጣት ዳበሰች፣ ከድልድዩ ወዲህ ወዲያ።
የለም።

በፋኖስ ቆጠርን። አሥራ ስድስት
ከአራት መንገዱ ሁለቱን አጣ፤ ያነክሳል እንጂ ይሄዳል።
አሥራ ሁለት ግን በሩ ተደፈነ።
በማግስቱ ሞሚና ከሳቢያን መጣች፣ ከነዘንቢሏ፦
"አሥራ ሁለት ኪሎ! ሠርግ አለብኝ፣ ቶሎ!"
ኢፍቱ እኔን አየች፤ እኔ መሬቱን።
አው ቡሽራ ዝም ብሎ
ባለ አሥራ ሦስቱን በቀኝ ሰሃን ጣለ፤
የባለ አንዷን ጭቃ በሽርጡ ጠርጎ
ከሽንኩርቱ መሃል፣ ከሸቀጡ ወገን አዋለ።
የሚዛኑ ምላስ ተንቀጠቀጠ፤
ቆመ።

ያን ሁሉ ቀትር ቆጥረን ቆጥረን
ብረት ወደ ሽንኩርት መሻገር እንደሚችል
ማንም አልነገረን።
ኢፍቱ ጣቶቿን እንደገና ማጠፍ ጀመረች፤
"እንግዲያ አሥራ ስድስት በስንት ነው?" አለች።