የአትንኩት ቤት

ስድስት ልጅ ቀብራ፣ ሰባተኛው ሲወለድ፣
ቅድመ አያቴ ፈርታ፣ እንዳይሄድባት በዚያው መንገድ፣
ስሙን አጥር አርጋ፣ «አትንኩት» አለችው፤
ሞት ሰምቶ ይሁን ረስቶ፣ ሰማንያ ዓመት ተወው።

አትንኩት አደገ፤ ጣና ዳር ቤት ሠራ፣
ድንጋዩን በታንኳ፣ ከደሴት እየጠራ።
ምሰሶው ወይራ፣ በሩ የዋንዛ ሳንቃ፣
ማገሩን በሐረግ፣ ያለ ሚስማር፣ በቃ።
ከመቃኑ በስተቀኝ፣ ፋሱ ስቶ የላጠው፣
ጣቴ ልክ የሚገባበት፣ አንድ ጠባሳ አለው።

ባለፈው ሚያዝያ፣ ከባሕር ዳር በጀልባ መጡ፤
ሁለት ሰው፣ አንድ ካሜራ፤ መደቡ ላይ ተቀመጡ።
ሜትር ዘረጉ፣ ምሰሶውን አቀፉ፣
«ዕድሜው ስንት ነው?» አሉ፤ የነገርኋቸውን ጻፉ።
ከዚያ በቀይ ቀለም፣ ከሳንቃው ላይ ቁጥር፣
ከቁጥሩም በታች፣ አንድ ቃል፣ እንደ አጥር፦

«አትንኩት።»

ሳቄ አመለጠኝ። ጎጃሜ ነኝ፤ ኅብር ሳይ አልችልም።
«የአያቴን ስም ጻፍህ» አልሁት፤ ሰውዬው ግን አልሳቀም።
«ቅርስ ነው» አለ፤ «ከዛሬ ወዲያ፣ ቆርቆሮ ክልክል ነው፤
ሲሚንቶም፣ ሚስማርም። ጥሰህ ብትገኝ፣ ቅጣት አለው።»

እሺ አልሁ። ክረምቱ ግን፣ ፊደል አልቆጠረም፤
ምስጡም ከምሰሶው ሥር፣ ማስታወቂያ አላነበበም።
ሣር ልግዛ ብል፣ ሜዳው ሁሉ ባሕር ዛፍ ሆኗል፤
ከሐይቁም ዳር እምቦጭ እንጂ፣ ደንገል መች ይገኛል?
ደብዳቤ ጻፍሁ ለቢሮው፤ «በጀት ሲለቀቅ» አሉ።
የጎረቤት ቆርቆሮዎች፣ ማዶ ያብለጨልጫሉ።
ጠብታው ሳፋ ሞላ። ይታይሽ ጋቢ እየጨመቀች፣
«ቅርስ ያሉት ለካ የሚያርስ ነው!» አለች፤ ደግሞ ሳቀች።

እኔ አልሳቅሁም።

ትናንት በታንኳ፣ ከደሴት ሣር አስመጣሁ፤
ሌሊት፣ ሐይቁ ሲያንኮራፋ፣ በመሰላል ወጣሁ።
የበሰበሰውን ነቅዬ፣ ማገሩን ስዳብሰው፣
ሐረጉ አልላላም ነበር፤ ጥላሸት ነው የለበሰው።
አያቴ በሞተባት ሌሊት፣ እጁን ከጋቢው አውጥቶ፣
«ስሜን ተወውና ንካኝ» ብሎኝ ነበር፣ ድምፁ ጠፍቶ።
ያኔ ልጅ ነበርሁ። ፈራሁ።
ጣቱ ሲቀዘቅዝ፣ ከሩቅ ሆኜ አየሁ።

ወርጄ፣ በጨለማ፣ ጭቃ አቡክቼ መረግሁ፤
ስንጥቁን በመዳፌ፣ ቀስ እያልሁ ደባበስሁ።
ጧት ቀይ ቀለሙ፣ ከነቁጥሩ በሩ ላይ አለ፤
ከፋሱ ጠባሳ ጎን፣ የጣቴ ጭቃ እንደ ራሰ ዋለ።