በእያንዳንዱ ላይ ስም ይጻፍ

በጥር ስብሰባ ላይ የሰጡን ወረቀት
ሁለት ገጽ ነው፤ ከግርጌው አንድ መስመር አለበት፦
«በእያንዳንዱ ላይ ስም ይጻፍ።»
«እያንዳንዱ» ምን እንደሆነ አልገባኝም ነበር፣
የሒሳብ ሣጥኗን ከፍቼ እስክቆጥር።
መቶ ቀጫጭን እንጨት፣ ከክብሪት እምብዛም የማይወፍር፣
አርባ የፕላስቲክ አበባ፣ ከጥፍሬ የሚያንስ፣
የማትሠራ ሰዓት፣ በጣት የምትዞር፣
የወለል መወልወያ ጨርቅ፣ እናቷ የሰፋችው፣
ነጭ ጫማ፣ ከበር ወዲህ ብቻ የምታደርገው፣
ጃንጥላ፣ እርሳስ፣ እርሳሱ ጫፍ ላይ የሚሰካው…
ለዚህ ሁሉ ስም ሊወጣለት ነው።

ሳናኤ የሌሊት ተረኛ ናት፤ ሆስፒታል ሄዳለች።
ጠረጴዛው ላይ ሁለት ብዕርና ብጣሽ ወረቀት ትታለች፦
«በቀጭኑ ጻፍ። በወፍራሙ ታበላሻለህ።»
እጄን ታውቀዋለች።
የመርከብ ሞተር ፈትቶ የሚገጥም እጅ
ብሎንና መፍቻ እንጂ
ሌላ ምን ያውቃል?

ልጅቷ ከመተኛቷ በፊት ጠይቃኝ ነበር፦
«ስሜ ካልተጻፈበት የማን ይሆናል?»
«የማንም» አልኳት። «የወደቀ ዕቃ ሣጥን ይገባል።»
ዝም አለች፤ ብርድ ልብሷን እስከ አፍንጫዋ ሳበች።
የተኛች መስሎኝ ነበር። ታስብ ኖሯል ለካ።

ቺ። ዙ። ሩ።
ሦስት ፊደል ናት ልጄ፤
ሦስቱም በእንጨቱ ጀርባ ተጨናንቀው አደሩ።
ሰባ ሦስተኛው ላይ ስደርስ እንጨቱ ቀጭ አለ።
በሙጫ ጠገንኩት። ማን አየ? ማንም የለ።
የተማረን ሰው «ፊደል ቆጠረ» ይሉታል፤
ልጄ ገና ሳትጀምር
እኔ አመሸሁ ፊደል ስቆጥር፣
ሦስት በመቶ፣ ከዚያ ሦስት በአበባ፣ ሦስት በአበባ…

ባለፈው እሑድ መንገዱን ተለማመድን።
በረዶው ከመንገዱ ዳር ጥላሸት ለብሶ ተከምሯል፤
የኩሺሮ መጋቢት እንዲህ ነው፣ የጸደይ ስሙ ብቻ መጥቷል።
እሷ ከፊት፣ እኔ ሃያ እርምጃ ከኋላ።
«እንደሌለህ ሁን» ብላኛለች። እሺ፣ አልነበርኩም።
ቦርሳውን አያቷ ገዛላት፣ ስድስት ዓመት እንዲያገለግል፤
ስታዝለው ትጠፋለች። የሚታየኝ
ሁለት እግር ያበቀለ ቦርሳ ነው፣ ድልድዩን ሲሻገር፣
የባሕሩ ነፋስ ሲገፋው ዘንበል ቀና ሲል።
«ማንን ነው የምትሰልለው?» አሉኝ ወይዘሮ ኦኩዴራ፣
ከዓሣ መሸጫቸው በር፣ መንደሩ እስኪሰማ።
ቦርሳው ዞረ። አፍጥጦ አየኝ። መንገዱን ቀጠለ።

ዜብራው ጋ ቆመች። ቀኝ፣ ግራ፣ ደግሞ ቀኝ።
እጇን ሽቅብ አነሣች፣ ሰማዩን ፈቃድ ልትጠይቅ ይመስል።
አንድ መኪና አልነበረም።
ተሻገረች፤ ዞር አለችና
ለባዶው አስፋልት እጅ ነሣች።
ሳቄን ዋጥኩት፣ የሌለ ሰው አይስቅምና።
ጉሮሮዬ ላይ ግን አንድ ነገር ቀረ፣
ሳቅ ያልነበረ።

በሠላሳ አንደኛው አበባ እንቅልፍ ጥሎኝ ኖሯል።
ስነቃ ሳናኤ ገብታለች፣ የሩዙ እንፋሎት መስኮቱን ሸፍኗል።
ቀኝ አውራ ጣቴ ላይ፣ በወፍራሙ ብዕር፣
ቺ፣ ዙ፣ ከዚያም ፊቱን ያዞረ ሩ።
«ይኼ ምንድን ነው?» አልኩ።
ከወተቷ ቀና ሳትል
«በእያንዳንዱ ላይ ይላል» አለች።

ወደብ ላይ ካዙሞሪ ጣቴን ይዞ አነበበው፤
«ጠፍተህ ነበር እንዴ?» ብሎ ጮኸ፣ ጋራዡ በሙሉ ሳቀ።
ማታ የሞተሩን ቅባት በሳሙና ስፈትግ
አውራ ጣቴን ከውኃው ውጭ አቆምኩት፣
ጥቁሩን እንደ ጠቆረ።

ትምህርት ከነገ ወዲያ ነው።
ገና ዘጠኝ አበባ ይቀረኛል።