ከዥዋዥዌው ሥር

ማሽኑን ያመጣው የእህቴ ባል ነው፣
አሶሳ ወርቅ ሊለቅም ሄዶ፣ ወባ ለቅማ የሸኘችው።
አልጋ ሥር ገፋው፣ ጋቢውን ተከናነበ፣
ስለ ወርቅ የጠየቀውን ሁሉ ተሳደበ።
«ውሰደው» አለኝ፣ «ዓይኔ ካላየው ይሻላል፤
ብረት የሸተተው እንደሆን ጢጥ ጢጥ ይላል።»

ቅዳሜ ማለዳ። ጦሳ ጉሙን ደርቧል፣
የሕፃናት መጫወቻው ሸርተቴ በጤዛ ረጥቧል፣
ዘበኛው አራጋው ካፖርቱ ውስጥ ጠፍቷል።
«ምን ጠፋብህ?» አለኝ።
«ሳንቲም።»
«በዚህ ዘመን ሳንቲም ጠፋኝ የሚል ሰው ካለ
ቁጭ ብዬ ልየው» አለ።

ልጅ ተዘቅዝቆ የሚንጠለጠልበት ብረት፣
ሸርተቴው የሚያልቅበት ጎድጓዳ መሬት፣
የኪስ ምሥጢር ሁሉ የሚዘረገፍበት
እዚያ ነው። እንደ አጫጅ፣ ቀስ እያልኩ፣ ወዲያ ወዲህ አልኩበት።

ቆርኪ።
ቆርኪ።
አሁንም ቆርኪ።
አምስት ሳንቲም፣ አንበሳውን አፈር የበላው፣
የሳጥን ቁልፍ፣ ሳጥኑን ማን እንደከፈተው ማን ሊያውቀው፣
አንዲት የሕፃን ጉትቻ፣ የገብስ ፍሬ የምታህል፤
ጓደኛዋ የትኛው ጆሮ ላይ ቀርታ ይሆን?
ሁለት ቀለህ።
ቀለሁን አራጋው ከእጄ ወሰደው፣
አገላበጠው፣ ካፖርቱ ኪስ ከተተው።
ስለሱ አላወራንም።

ሳንቲም ያልኩት ውሸት ነው።
ውሸቴን ሠላሳ አንድ ዓመት ሆነው።

ሰባት ዓመቴ ነበር። የእናቴን የብር ቀለበት
ከሳሙናው ሳሕን አንስቼ፣ አውራ ጣቴን ከትቼበት፣
እዚሁ ዥዋዥዌ ላይ፣ ሰማዩን በእግሬ ልደርስበት
ስወነጨፍ
ጣቴ ቀለለኝ።

ማታ እናቴ ቤቱን ገለበጠች፤ እኔ እራቴን በላሁ።
ጎረቤት «ጦይባን ጠይቂያት» አለች፤ እኔ ውሃ ጠጣሁ።
ጦይባ፣ ከወረባቦ የመጣች፣ አሥራ ሦስት ዓመቷ፣
ከደብተሬ ፊደል የምትለቅም ሲያልቅላት ሥራዋ፣
በማግስቱ ልብሷን በፌስታል ይዛ ወጣች።
«አላህ ያያል» አለች።
ማንንም አላየችም ስትል።
እኔን ግን፣ ከበሩ ኋላ ቆሜ፣ ያየችኝ ይመስለኛል።

ጢጥ። ጢጥ።
በሚስማር ጫርኩ፣ በጥፍሬ ማስኩ፤
አንድ ስንዝር ነው፣ ይኼው ነው ሩቁ።
ጠቁሯል። ከቶ እንዴት ጠበበ?
ለትንሿ ጣቴ እንኳ እምቢ አለ።

እናቴ ዛሬም ቀለበት አላት።
ጦይባ ናት የላከችላት።
በሄደች በአምስተኛው ዓመት፣ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ገብታ፣
በሹፌር እጅ፣ በመሐረብ ጫፍ ቋጥራ፣
«የእርስዎን ባይሆንም ተካሁልዎ፣ ከልብዎ ያውጡኝ» ብላ።
ያልወሰደችውን መለሰች።
እናቴም «ልብ ገዛች» እያለች
ለመጣ እንግዳ ሁሉ ጣቷን ታሳያለች።

ቤት ስገባ ማሽኑን አላጠፋሁም፤ ግድግዳ አስደገፍኩት።
እናቴ ልታልፍ እጇን ስታስጠጋ ጮኸባት።
«ኧረ በስማም! ምን አደረግኩት?»
ያገኘሁትን ጉልበቷ ላይ አኖርኩት።
ነገርኳት። ከሳሙናው ሳሕን እስከ ውሃው ድረስ፣
አንዱንም ሳልቀንስ።

አላለቀሰችም። አልረገመችኝም።
ጣቷን በሳሙና አሸች፣ ያንኛውን አወለቀች፤
የነበረበት ነጭ ሆኖ ቀረ፣ የብርሃን ቀለበት ይመስል።
ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀመጠች።
ረጅም ጊዜ ሆነ።

«የወረባቦ መኪና» አለች፣
«አሁንም ከሐይቅ ነው የሚነሳው?»
ከአልጋው ጫፍ ተቀምጣ፣ ወደ ታች ሳታይ፣
በባዶ እግሯ፣ ወዲያ ወዲህ፣ ወዲያ ወዲህ፣
ከአልጋው ሥር ጫማዋን ትፈልግ ጀመር።