እስከ በሩ

ከዚራ፣ የኒሙ ጥላ በተኛበት፣
ከሽመንደፈር ለአባቴ በደረሰው ቤት፣
አንድ አልጋ አለ፤ እኔ አለሁበት።
ስንት ቀን ሆነህ አትበሉኝ፤
የኮርኒሱን ምስማር ጠይቁኝ፦
አርባ አንድ ነው። አንዱ ዝጓል።

ሰው "ሐዘን" ይለዋል።
ሐዘንማ ደግ ነበር፤
ድንኳን አለው፣ ለቀስተኛ አለው፣ ዕድር፤
በሠልስቱ ምንጣፉ ይነሣል።
የኔን ማን ይድረሰው? የሞተ የለ፤
ከቤቱ ሳይወጣ ከራሱ የወጣ
አንድ ሰው ነው የታጣ።

እናቴ "ዓይን ነው" ብላ ቁልቢ ተሳለች፤
ጠበል አመጣች። ጠጣሁ።
ለአንድ ጉንጭ ያህል ቀዝቀዝ አለኝ።
ወንድሜ "ወንድ ሁን" አለኝ፤
ካልሲ ማጥለቅ ስንት ወንድ እንደሚፈጅ
እሱ ምን ያውቃል?

ነጂብ ምንም አላለ።
ቀትር ላይ፣ ከተማው በወበቅ ሲያሸልብ፣
ባጃጁን ኒሙ ሥር ያቆምና
ጫማውን አውልቆ ይገባል፤
ከአልጋዬ ግርጌ ሲሚንቶው ላይ ተቀምጦ
ሀብሀብ ይቆርጣል፤ አንዱን ለኔ፣ አንዱን ለሱ።
ካልበላሁ የኔን አይነካም፤ ሰሐን ይደፋበታል።
መሸት ሲል "ነገ" ይላል፤ ይሄዳል።
አንድ ቀን ግን "ነገ" ካለ በኋላ
"ድል ጮራ እንሄዳለን" ብሎ ጨመረ።

ሲስተር ኢፍቱ "ምን ጎደለህ?" አላለችኝም።
"እንቅልፍስ? ምግብስ? መሞትስ አስበሃል?" አለችኝ፣
ሦስቱንም በአንድ ድምፅ።
"አዎ" አልኳት።
እስክሪብቶዋን አስቀመጠች፤ ወንበሯን አስጠጋች።
ኮሪደሩ ሙሉ ወረፋ ነበር፤ አልቸኮለችም።
"ክኒኑ ሳምንታት ይፈልጋል፤ ቶሎ አትፍረድበት።
ጠበሉንም ጠጣ፤ ክኒኑን ግን እንዳታቋርጥ።"
ነጂብን ጠርታ "ለብቻው እንዳይሆን" አለችው።
ወደኔ ዞረች፦ "የዚህ ሳምንት ሥራህ እስከ በሩ ነው።"

እስከ በሩ!
እኔ፣ በልጅነቴ ሽንሌ ድረስ በእግሬ የሄድኩ!

ሰኞ እስከ በሩ። ማክሰኞ አልሆነም።
ረቡዕ እስከ ኒሙ፤ ሐሙስ ቀኑን ሙሉ ግድግዳ።
በአምስተኛው ሳምንት የሽሮው ጨው ተሰማኝ፤
ለማንም አልተናገርኩም፣ እንዳይሸሽ።

ትናንት ባጃጁን ደቻቱ ድልድይ ላይ አቆመው።
ወንዙ አሸዋ ነው፣ ዳር እስከ ዳር።
"ከሥሩ ውኃ አለ" ሊለኝ ነው ብዬ ፈራሁ፤
እሱ ግን አሻግሮ ጉሊቱን አየና
"ሀብሀብ ረክሷል" አለ።

ሳቅሁ ልበል? እንጃ።
የደረቀ ከንፈሬ ግን ተሰነጠቀ።